ላሟ በማን ስም ናት? ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር የወተት ንግድ ለምትጀምር ሴት

በሰሜን ሸዋ ደጋ ወተት የሴት ሥራ ነው። ላሟን የምታልበው፣ እርጎውን የምታጠራቅመው፣ የምትንጠው፣ ቅቤውን ይዛ ገበያ የምትወርደው እሷ ናት። የቅቤው ገንዘብም ከጥንት ጀምሮ የእሷ ነበር፤ ጨውና በርበሬ የሚገዛበት፣ የልጅ ደብተር የሚሟላበት፣ ማንም «የት አደረስሽው?» ብሎ የማይጠይቅበት ገንዘብ። ነገሩ የሚለወጠው ወተቱ በሊትር መሸጥ ሲጀምር ነው። ሰብሳቢው በየቀኑ ሊትሩን ይመዘግባል፣ ክፍያው በየአሥራ አምስት ቀኑ ወይም በየወሩ ይጠቃለላል፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን የአባወራው ስም ነው። ላሟ አብዝታ ስትታለብ ሴትዮዋ በቅቤ ታገኛት የነበረችውን እንኳ ታጣለች። በኬንያም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የወተት ገበያ ባደገ ቁጥር ይኸው ደጋግሞ ታይቷል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከላም አይጀምርም።

ደረጃ 1፦ ስምሽን አስመዝግቢ

ሦስት ቦታ ላይ ስምሽ መኖሩን አረጋግጪ፤ የመሬት ደብተሩ፣ የወተት ማኅበሩ መዝገብና ክፍያው የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ላይ። በአማራ ክልል ባለትዳሮች በጋራ የሚይዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይዞ ነው የሚወጣው። ደብተሩን ከሳጥን አውጥተሽ እዪው። ስምሽ ተዘልሎ ወይም ተሳስቶ ከሆነ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ዘንድ ሄደሽ አሁኑኑ አስተካክዪ፤ መኖ የምትዘሪበት ማሳ ላይ ነገ ክርክር ቢነሳ የሚያድንሽ ይኸው ወረቀት ነው።

በኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት የግለሰብ ነው። ባልሽ አባል መሆኑ አንቺን አባል አያደርግሽም፤ ዕጣ ገዝተሽ በራስሽ ስም ግቢ። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አስነብቢ፤ በልማድ ብቻ «ከአንድ ቤት አንድ ሰው» እያሉ የሚመልሱ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከባል ጋር ተጣልቶ ላም ማርባት አይቻልም። ድርቆሹን የሚያጭደው፣ በረቱን የሚከድነው፣ በሌሊት ሐኪም የሚጠራው እሱ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ በአንቺ ስም ብቻ መሆኑ ቤት የሚያውክ ከሆነ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ክፈቱ። በእሱ ስም ብቻ ይሁን የሚለውን ግን አትቀበዪ።

ደረጃ 2፦ ርቀትሽን ለክተሽ ምርትሽን ምረጪ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተቀምጣለች። ቤትሽ ከተማው ዳር ወይም ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ መኪና ከሚገባበት ቦታ ቅርብ ከሆነ ጥሬ ወተት ሽጪ። አንኮበር ግን ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ብዙው መንደር ከመኪና መንገድ በእግር የሚወረድ የሚወጣ ነው። ወተቱ እዚያ ዳገት ላይ ሳለ ይረጋል። ለአንኮበሯ ሴት የሚያዋጣው ቅቤና አይብ ነው። አካባቢው ለሩቅ ገበያ አዲስ አይደለም፤ ከሥሩ ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ቅፍለቶች የሚያራግፉባት የሸዋ ትልቅ ገበያ ነበረች።

ስሌቱን በወረቀት ሥሪው። ከዲቃላ ላም ወተት 1 ኪሎ ቅቤ ለማውጣት እስከ 25 ሊትር ይፈልጋል፤ የአገሬ ላም ወተት ወፍራም ስለሆነ ከ16 እስከ 18 ሊትር ይበቃል። ከአሬራው ደግሞ 8 ሊትር ያህሉ 1 ኪሎ አይብ ይሰጣል። እንግዲህ በአንድ በኩል የ25 ሊትር ወተት ዋጋ፣ በሌላው በኩል የ1 ኪሎ ቅቤና የሦስት ኪሎ ያህል አይብ ዋጋ አስቀምጪና የዚህን ሳምንት የገበያ ዋጋ ሙዪበት። መንገድ ዳር ላለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ ወተት ይበልጣል። በጾም ግን ይገለበጣል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

መንገድ ዳር ብትሆኚም መናጫሽን አትጣዪ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። መኪናው ሳይመጣ ሲቀር የምትንጥ ሴት ቅቤ ይተርፋታል፤ የማትንጥ ግን ወተቷን ለጥጃ ትሰጣለች ወይም ትደፋለች።

ደረጃ 3፦ መኖ አስቀድሚ

ብዙ ሰው ብድር ሲያገኝ ወደ ከብት ገበያ ይሮጣል። ተሳስቷል። ከወተት ወጪ ከግማሽ በላዩ መኖ ስለሆነ መኖ የሌላት ላም የዕዳ ደብተር ናት።

ቁጥሩ ይኸውና። 400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። በዓመት 40 ኩንታል መሆኑ ነው፤ ለአንዲት ላም ብቻ። ይህን ያህል ድርቆሽና ጭድ የሚከመርበት ቦታ፣ ዝናብ የማያስገባ ክዳን አለሽ? ከሌለሽ የመጀመሪያው ብር ለክዳኑ ይውላል።

ድርቆሽ የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ዋጋው ያኔ ይወርዳል፤ ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ አናት ላይ ይወጣል። በታኅሣሥ የዓመቱን ያስገባች ሴትና በግንቦት በሸክም የምትገዛ ሴት አንድ ዓይነት ላም ቢኖራቸውም አንድ ዓይነት ትርፍ የላቸውም። ከአጨዳ በኋላ የሚተርፈውን የባቄላና የምስር ገለባ አትናቂ፤ ከገብስ ጭድ ይልቅ ገንቢ ነው።

ከዚያ የሚዘራው መኖ አለ። ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚስማማው የመኖ አጃ ቬች ከተባለው የመኖ ጥራጥሬ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ይዘራል፣ አጃው ፍሬው ወተት ሲቋጥር ይታጨዳል። አጥር ዳር ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ይተከላል፤ ውርጩን ይችላል፣ ቅጠሉ በበጋ አረንጓዴ ነው። ጓሮ ጥቂት መደብ ካለሽ የመኖ ቀይ ሥር ሞክሪ። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ይመራ የነበረው አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው ፕሮጀክት እነዚህን ሁሉ ባሶና ወራና ውስጥ ጉዶ በረትና ጎሼ ባዶ ላይ ከገበሬዎች ጋር ሞክሯቸዋል፤ ሄዶ ያየውን ሰው መጠየቅ ይቻላል። ብራኪያሪያ የተባለው ሣር ሌላ ነው። በእሱ ላይ ባደረጉት ምርምር ስማቸው የገነነው የፍኖተ ሰላም ተወላጇ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሬያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀብለዋል። ሣሩ ግን ሙቀት ወዳድ ነው፤ ለአልዩ አምባና ለሸዋ ሮቢት ቆላ እንጂ ለደብረ ብርሃን ውርጭ አይሆንም። ዘር ሻጭ «የትም ይበቅላል» ቢልሽ አትመኚው።

ሦስተኛው የተገዛ መኖ ነው። ደብረ ብርሃን እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። ዳሽንና ሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎቻቸው እዚያ ናቸው፤ ከቢራው ጠመቃ የሚተርፈው የገብስ ብቅል ዝቃጭ ፕሮቲን የሞላበት መኖ ነው። የአንኮበርና የመንዝ ገብስ ብቅል ሆኖ፣ ብቅሉ ቢራ ሆኖ፣ ትራፊው ላም በረት ይገባል። ችግሩ ሦስት አራተኛው ውኃ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ይሻግታል። መኪና ሙሉ ብቻሽን ብትገዢ ግማሹን ትጥዪዋለሽ፤ አምስት ስድስት ሆናችሁ ተጋሩት፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ፋጉሎ ስትገዢ በእጅሽ ፈርክሺው፣ አሽትቺው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ሲገኝ ዋናው ምንጭ ሆኖ የተጠቆመው የኑግ ፋጉሎ ነበር። የሻገተ ፋጉሎ በርካሽ ቢሰጥሽም አትውሰጂ፤ መርዙ በወተቱ አድርጎ ልጅሽ ጽዋ ውስጥ ይገባል።

አሰጣጡ ቀላል ነው፤ ከድርቆሹ ሌላ ለምትሰጥሽ ለእያንዳንዱ ሁለት ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል ፉርሽካና ፋጉሎ ድብልቅ ስጫት። ውኃ ደግሞ ሁልጊዜ ፊቷ ይኑር። በደብረ ብርሃን የጠዋት ውኃ በረዶ ነው፤ ላሟ እየጠማት እንኳ አትጠጣውም፣ ወተቷም ይቀንሳል። ማታ ቤት አሳድረሽ ጠዋት ስጫት።

ደረጃ 4፦ ላም ግዢ

በአንድ ጀምሪ፣ ቢበዛ በሁለት። የአገሬ ላም በቀን ከሁለት ሊትር ብዙም አትዘልም፤ በደንብ የተያዘች የሆልስታይን ዲቃላ ግን ብዙ እጥፍ ትሰጣለች። ይሁን እንጂ «ንጹሕ ፈረንጅ» ብለው የሚያቀርቡልሽን ለጀማሪ አልመክርም፤ የምትበላው ብዙ፣ የምትታመመው ብዙ ነው። ግማሽ በግማሽ ዲቃላ ይበቃሻል።

የምታጠባ ላም ስትገዢ ማታም ጠዋትም አንቺ ራስሽ አልበሽ ለኪ። አንድ ቀን ሳይታለብ የዋለ ጡት ተወጥሮ ሲያዩት ያማልላል፤ የደላላ የቆየ ብልሃት ነው። አራቱንም የጡት ጫፍ ለየብቻ አልበሽ እዪ፤ የረጋ ወይም ደም ያለበት ከሆነ ተመለሺ። ጥርሷን እዪ። የሳንባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ ምርመራ በእንስሳት ሐኪም አስደርጊ፤ በከተማ ዙሪያ ባሉ ዲቃላዎች ሳንባ ነቀርሳ የታወቀ ነው፤ በወተት ወደ ሰውም ያልፋል። ቤትሽም የሚጠጣ ወተት ይፍላ።

ደረጃ 5፦ ላሟን ከጾሙ ጋር አስማሚ

ይህንን የውጭ አገር መመሪያ አይነግርሽም። በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን የወተት ገበያ ይተኛል። ሰብሳቢው ኮታ ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይቀራል፤ ላሟ ግን መብላቷን አታቆምም። በፋሲካ ማግስት ሁሉም ወተት ወተት ይላል።

ላም ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ገደማ ታረግዛለች። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ የተዳቀለች ላም ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ባለው ትወልዳለች፤ ፋሲካ የሚውልበት ሰሞን ማለት ነው። ከመውለዷ በፊት ደግሞ ሁለት ወር መድረቅ አለባት፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ወተቷ ይጎድላል። ያ ሁለት ወር የት ላይ ወደቀ? ሁዳዴ ላይ። ገበያው ሲጾም ላሟ ትደርቃለች፤ ገበያው ሲፈስክ ትወልዳለች። ይህን ያህል የሚገጥም ነገር በእርሻ ብዙ አይገኝም።

ለዚህ ሐምሌ ላይ ኮርማ የፈለገችበትን ሰዓት ማወቅ አለብሽ። ስትጮህ፣ ሌላ ላም ላይ ስትወጣ፣ ሲወጡባት ቆማ ስትቀበል ጊዜው ነው። ጠዋት ያየሽውን ማታ፣ ማታ ያየሽውን በማግስቱ ጠዋት አዳቃዩን ጥሪ። ዕለቱን ጻፊ። ካመለጠሽ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ትመለሳለች፤ እያንዳንዱ ያመለጠ ሃያ አንድ ቀን ግን ወሊዷን ከፋሲካ ያርቃል።

ሁለት ላም ያላት ሴት ሁለቱንም ለፋሲካ አታድርግ፤ ቤትም ደንበኛም ዓመቱን ሙሉ ወተት ይፈልጋል። በጾሙ የምትታለበውን ላም ወተት ናጪው። የደብረ ብርሃን ብርድ ለቅቤ ጥሩ ጎተራ ነው፤ ከዚያም በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አንጥረሽ በንጹሕ ማሰሮ ብታስቀምጪ ለወራት ይቆያል። ፋሲካ ሲቃረብ የአዲስ አበባ ሰው ቅቤ ፍለጋ ሸኖ ድረስ ይወጣል፤ ያንቺው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።

ደረጃ 6፦ አለባና ርክክብ

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጡቷን ለብ ባለ ውኃ አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ለብቻ አልበሽ እዪያቸው። ጥጃዋ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት እንገሩን ጠግባ ትጥባ፤ ለቤተሰብ የሚፈላው እንገር ከእሷ የተረፈው ይሁን። እንገር ያልጠገበች ጥጃ በደብረ ብርሃን ብርድ ሳንባዋ አይቋቋምም።

ርክክቡ ላይ የሚሆነውን ልንገርሽ። ማለዳ ነው፤ ሴቶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተሰልፈዋል። ሰብሳቢው ልጅ ከእያንዳንዷ ዕቃ በብልቃጥ ጥቂት ቀድቶ እኩል አልኮል ይጨምራል፣ ያናውጠዋል። የብልቃጡ ጎን ላይ ጥቃቅን ቅንጣት ከተለጠፈ ወተቱ መርጋት ጀምሯል።

«እትዬ፣ ይቺ ረግታለች። የማታውን ከጠዋቱ ቀላቀሉት እንዴ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሌላ ዕቃ የለኝ።»

አሥር ሊትር ወተት ተመለሰ። ሌላ ዕቃ ቢኖራት ኖሮ አይመለስም ነበር። ትኩሱን የጠዋት ወተት ካደረው ጋር አትቀላቅዪ፤ የማታውን በራሱ ዕቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጪ። የዘይት ጀሪካን ተዪ፤ አንገቱ ውስጥ እጅ አይገባም፣ የማይታጠብ ነገር ያበላሻል። የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ቢዶን አንድ ጊዜ ይገዛል። በወይራ ማጠን ለቅቤና ለእርጎ ዕቃ ነው፤ ለፋብሪካ የሚሄድ ወተት የጭስ ሽታ አያስፈልገውም። ውኃ መቀላቀልን አላወራም፤ የወተት መለኪያው ላክቶሜትር ወዲያው ያጋልጣል፣ ስምሽም አብሮ ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ ደብተርና ብድር

የሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃል። በግራ የወጣ፣ በቀኝ የገባ፤ የታለበው ሊትር በየቀኑ፣ ቤት የተጠጣውም ጭምር። ኩበቱንም መዝግቢ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ኩበት ገንዘብ ነው፤ ብዙ ሴት ከወተቱ ሳትጠብቅ በኩበት ፉርሽካ ትገዛለች።

ብድር ስትጠይቂ ይህ ደብተር ከምስክር ይበልጣል። ጸደይ ባንክ የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው፤ የገጠሩን ሰው ያውቃል። እናት ባንክ በአብዛኛው በሴቶች አክሲዮን የተመሠረተ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ቤት ወይም መሬት ለማስያዣ የለኝም ብለሽ አትመለሺ፤ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረትን፣ ከብትንም ጭምር፣ በመያዣነት ማስመዝገብ ፈቅዷል። የብድር ሠራተኛው ካላወቀ ቁጥሩን ጥቀሺለት።

አከፋፈሉን ግን ሳትደራደሪ አትፈርሚ። እርጉዝ ጊደር ገዝተሽ ክፍያው በሚቀጥለው ወር ከጀመረ ዕዳውን የምትከፍዪው ከጎተራሽ ነው። እስክትወልድ የእፎይታ ጊዜ ጠይቂ፤ በሁዳዴ የሚከፈለውም ቀለል እንዲል አስጽፊ።

ደረጃ 8፦ ሲሰፋ

አምስት ላም ሲሞላ ወይም ቅቤና አይብ በማሸጊያ መሸጥ ስታስቢ የንግድ ምዝገባ ይመጣል። ከ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወዲህ አንዲት ሴት ብቻዋን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ልታቋቁም ትችላለች፤ የስም ሸሪክ መፈለግ ቀርቷል። ለፋብሪካ በውል የምታቀርቢ ከሆነ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 አለ፤ ዋጋ፣ ጥራትና የማይገዛበት ቀን በጽሑፍ ይስፈር። «በጾም ምን ያህል ትወስዳላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት ይጠየቅ።

አሁን ወሩ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ከሆነ ላም አትግዢ። ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና የወረዳሽ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የአጃና የቬች ዘር ጠይቂ፤ ክረምቱ ሳይገባ ማሳሽን አሳርሺ። በታኅሣሥ ድርቆሹን አስገቢ። ላሟን ከዚያ በኋላ ትገዢያታለሽ።